በመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው ስም

የየኔታ ሸዋንግዛውን ሞት የሰማሁት አርባቸው ሊወጣ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። የነገረኝ ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን የሚመላለስ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ የታጠፈ ወረቀት በኪሱ ይዞ ቢሮዬን ሲያፈላልግ ግማሽ ቀን ፈጅቷል። ስልክ አይሠራም፤ መረቡ ከበላይ በመጣ ትእዛዝ ከተዘጋ ወራት አልፎታል። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ የመንዝን መልእክት ከገደል ገደል ሲያሻግሩ የኖሩት ሰው መሞታቸው የተሰማው በሰው እጅ በተላከ ወረቀት ነው። ወረቀቱን ያጻፉት ባለቤታቸው እትዬ እልፍነሽ ናቸው። ለአርባው እንድመጣ ይለምኑኝና መጨረሻ ላይ «መጽሐፉን ይዘህ ና» ይላሉ።

እዚያ ላይ ስደርስ ቆሜ የነበርሁት ተቀመጥሁ። ስለ መጽሐፉ እነግራችኋለሁ። ግን አሁኑኑ ብጀምረው ሰውዬውን ሳታውቋቸው በእኔ ላይ ትፈርዳላችሁ። ፍርዱ እንደሆን አይቀርልኝም፤ መጀመሪያ እሳቸውን እወቋቸው።

የኔታ ያልናቸው እኛ ረዳቶቻቸው ነን፤ ሥራቸው የኔትወርክ ቴክኒሺያንነት ነበር። በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ተማሪ ነበሩ፤ ዜማውን ተምረው ቅኔ ቤት እንደገቡ የስልክ እንጨት የሚተክሉ ሠራተኞች በደብሩ በኩል አለፉ። እሳቸውም ምን እንደሚሠሩ ሊያዩ ወጡና በዚያው ቀሩ። ከእንጨት ተከላ ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ ኮምፒዩተር መረብ ተሸጋገሩ። አጭር ሰው ናቸው። መሥሪያ ቤቱ የሰጣቸውን ብርቱካንማ ጃኬት ይለብሱና በላዩ ላይ ጋቢ ይደርባሉ። ነገር ሲከብዳቸው የግራ ጆሯቸውን ይጎትታሉ፤ እኛም ጆሯቸው ሲቀላ አይተን ችግሩ ምን ያህል እንደሆነ እናውቅ ነበር።

መሐል ሜዳ ላይ ያለችው ቢሮአችን አንድ ክፍል ናት። ከሞላሌ እስከ ዘመሮ፣ ከዚያም እስከ ግሼ ድረስ ያሉ የወረዳ ቢሮዎች፣ ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች እርስ በርስ የሚገናኙት በእሷ ነው። ማሠራጫው ግን ተራራ ላይ ነው፤ መኪና ከሚቆምበት የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ። እዚያ ላይ ውርጭ ባትሪውን እንዳይገድለው የኔታ የመንዝ ዝተት አልብሰውታል፤ ሰው በማይተኛበት ቤት ባትሪ የበግ ጠጉር ለብሶ ይተኛል። ከከተማ የሚላክልን የፕላስቲክ ማሰሪያ በብርዱ ስለሚሰባበር ገመዱን ሁሉ ያሰሩት በጓሳ ሣር ነው። ለምርመራ የመጣ አንድ ኃላፊ ይህን አይቶ «ይሄ ምን ዓይነት አሠራር ነው?» አላቸው። «የሚሠራ አሠራር» አሉት።

እኔ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ በረዳትነት ተመደብሁላቸው። የመጀመሪያው ቀን ላፕቶፔን ከፍቼ ስጠብቃቸው ገቡ፤ አዩኝና በአንድ ጣታቸው ከደኑት።

«ተሜ፣ ስንት ጣቢያ አለን?» አሉኝ፤ የሚያስተምሩትን ሁሉ «ተሜ» ነው የሚሉት።

«ላፕቶፑን ልክፈትና…»

«እሱ ሞተ በለው። መብራት የለም፣ ባትሪም አልቋል። ጤና ጣቢያው እየጠራህ ነው። በል ንገረኝ!»

በዚያው ቀን ማስተማር ጀመሩ፤ ያስተማሩኝም እሳቸው በተማሩበት መንገድ ነው። የእያንዳንዱን ጣቢያ የመረብ አድራሻ ቁጥር፣ የመሣሪያውን ዓይነት፣ ገመዱ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ፣ ሁሉን በቃል አስያዙኝ። ተራራውን ስንወጣ እሳቸው ይመራሉ፣ እኔ እከተላለሁ፦ «አሥር፣ ዜሮ፣ ሦስት፣ አንድ፣ ሞላሌ! አሥር፣ ዜሮ፣ አራት፣ አንድ፣ ዘመሮ!» ከተሳሳትሁ ዱላቸውን መሬት ላይ ያሳርፉና «ከመጀመሪያው!» ይላሉ። ትንፋሽ አጥሮኝ፣ ዩኒቨርሲቲ በማዕረግ የተመረቅሁ ሰው፣ እንደ ዳዊት ደጋሚ ቁጥር እያነበነብሁ ተራራ ስወጣ ያየ ገበሬ ምን እንዳለ እግዜር ይወቀው። ቢሮው ውስጥ አንድ የተጻፈ ወረቀት፣ አንድ ካርታ አልነበረም። መረቡ በሙሉ ያለው እሳቸው ራስ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ሳቅሁባቸው። ሳቄን ያስተወኝ የግሼው ጤና ጣቢያ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ የጣቢያው የኮምፒዩተር መስመር ጠፋ፤ ባለሙያዎቹ ለስብሰባ ሄደዋል፣ ያሉት ጥበቃዋ ወይዘሮ አስካለ ብቻ ናቸው። የኔታ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አስካለ፣ ሳጥኗ ፊት ቆመሻል?»

«ቆሜያለሁ ጌታዬ።»

«ስንት መብራት ታያለሽ?»

«ሁለት አረንጓዴ፣ አንድ ቀይ።»

«ቀይዋ ትርገበገባለች ወይስ ፍጥጥ ብላለች?»

«ፍጥጥ ብላለች፣ ምቀኛ!»

«በይ ከኋላዋ፣ ከግራ በኩል ሦስተኛዋን ክር ንቀያት። ቀስ ብለሽ! ቀሚስሽ ላይ ጥረጊያትና መልሰሽ ሰኪያት።»

ወዲያው የወይዘሮ አስካለ እልልታ ከስልኩ ውስጥ እኔ ጋ ድረስ ተሰማ። የኔታ ዓይናቸውን ገለጡ። ግሼ የሄዱት ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ ሦስተኛዋ ክር ግን ከእሳቸው ጋር ነበረች።

እንዲህ ያለ ሰው ደረጃው ምን ነበር ብትሉ፣ ቴክኒሺያን። ሲቀጠሩ ቴክኒሺያን፣ እኔ ስደርስም ቴክኒሺያን። ያስተማሯቸው ልጆች ግን አዲስ አበባ ሄደው የአለቆቻቸው አለቃ ሆነዋል። የኔታ ለእድገት ባመለከቱ ቁጥር የሚመጣው መልስ አንድ ዓይነት ነው፦ በቦታዎ የሚተካ ሰው እስኪገኝ ይጠብቁ። የሚተካቸውን ያሠለጥናሉ፤ ሠልጥኖ ሲያልቅ ጎበዝ ነው ይባልና ወደ ሌላ ቦታ ይወሰዳል፤ እሳቸው እንደገና ሌላ ያሠለጥናሉ። ይህን ሲያጫውቱኝ ይስቁ ነበር። እኔም አብሬ እስቅ ነበር፤ ቀጣዩ ተወሳጅ እኔ መሆኔን አላሰብሁትም።

ቀኝ ጉልበታቸው ግን አልሳቀም። ሐኪም ተራራ መውጣት ይቅርብዎ ብሏቸዋል። ከእሳቸው ሌላ ወጥቶ የሚጠግነው ግን ማን አለ? አብሬያቸው ስወጣ ቁልቁለቱ ላይ እግራቸውን ወደ ጎን እያስቀደሙ፣ ከንፈራቸውን ነክሰው ይወርዱ ነበር። አንድ ቀን ድንጋይ ላይ አረፍ ብለን የሚፈልጉትን ነገሩኝ።

«ደብረ ብርሃን የመሐንዲስ ቦታ ሊከፈት ነው አሉ። ሥራው ጠረጴዛ ላይ ነው። እኔ ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ቀረኝ፤ ይሄ ካመለጠኝ ሌላ የለም። ጉልበቴም ታሟል፣ እሺ። ግን ጉልበቴ ብቻ አይደለም ተሜ። አንድ ቀን ደብዳቤ ላይ ‹መሐንዲስ ሸዋንግዛው› ተብሎ ተጽፎ ባየው ደስ ይለኛል። ትዕቢት ከሆነ ይቅር ይበለኝ።»

በዚያ ሰሞን ዓለም ከተማ ላይ ስለ ሙያ እድገት ሥልጠና ተጠራን። ከመሐል ሜዳ ዓለም ከተማን በሩቅ ታዩታላችሁ ማለት ይቻላል፤ ለመድረስ ግን ገደሉን ዞሮ፣ አውቶቡስ ለውጦ፣ አቧራ ጠጥቶ ነው። አሠልጣኟ ከአዲስ አበባ የመጣች ወጣት ናት። ግድግዳው ላይ የባሕር ደሴቶች ሥዕል አሳየችን፤ በትንንሽ ደሴቶች ላይ ስለሚሠሩ የኔትወርክ መሐንዲሶች የተጠና ነው አለች። አንድ ሰው ሁሉን ይሠራል፤ የሚማከረው ባልደረባ፣ የሚወጣበት መሰላል የለውም፤ እሱ ከሄደ ደሴቱ ይጨልማል። ከኋላ ወንበር ሲያንጎላጁ የነበሩት የኔታ ቀና አሉ።

«እነዚህማ ዘመዶቻችን ናቸው» አሉኝ ጮክ ብለው። «እነሱን ውሃ ከቧቸዋል፣ እኛን ገደል።»

አዳራሹ ሳቀ። እሳቸው እጃቸውን አወጡ።

«እኔ ምልሽ ልጄ፣ መጨረሻቸው ምን ሆነ?»

«አብዛኞቹ ተምረው፣ የምስክር ወረቀት ይዘው ወደ ትልልቅ ከተሞች ሄዱ» አለች።

«የቀሩትስ?»

ልጅቱ ወረቀቷን አገላበጠች። «ስለ ቀሩት እዚህ ላይ የተጻፈ የለም አባቴ» አለች።

የኔታ ጆሯቸውን ጎተቱ። ሥልጠናው ሲያልቅ ልጅቱ ደጋግማ የነገረችን የምታውቁትን ጻፉት፣ ያልተጻፈ ሙያ አይመዘንም የሚል ነበር። የደብረ ብርሃኑ ማስታወቂያም ሲወጣ ተወዳዳሪው የሠራውን የሚያሳይ ሰነድ ያቅርብ ይላል። ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ የኔታ «ተሜ፣ ጽሕፈትህ እንዴት ነው?» አሉኝ።

ክረምቱን ሙሉ ጻፍን። ውጪው ጉም ነው፤ እሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። እያንዳንዱ ጣቢያ፣ እያንዳንዱ ገመድ፣ በየትኛው ወር የትኛው መስመር እንደሚታመም፣ ጭላዳ ዝንጀሮ የጎተተው ገመድ እንዴት እንደሚቀጠል፣ ባትሪ እንዴት እንደሚለብስ። አንዴም ወደ ኋላ ተመልሰው አላረሙም። ስንጨርስ እኔ ሰነድ አልሁት፣ እሳቸው መጽሐፍ አሉት።

«የፊት ገጹ ላይ ስምዎን ላስገባ?» አልኋቸው።

«ወግድ! በገዛ ሥራዬ ላይ ስሜን እንዴት እለጥፋለሁ? ደግ አይደለም። መጨረሻው ላይ የጻፍኸውን አንተን አስገባ። መጽሐፍ የጻፈው ሰው ስም ሳይገባበት አልቋል አይባልም።»

የኔታ የተማሩባቸው የብራና መጻሕፍት እንደዚያ ነበሩ። የጻፈው ሰው በመጨረሻው ቅጠል ስሙን ያሰፍርና አንባቢው እንዲጸልይለት ይለምናል፤ ቃሉ የእሱ ነው ብሎ የሚያስብ ግን የለም። የቃል መምህር ደግሞ ስሙን አያስጽፍም፤ ተማሪዎቹ ይመሰክሩለታል። 

«የኔታ፣ አዲስ አበባ ያሉት የእኔ ሥራ ይመስላቸዋል።»

«እንዴት ተደርጎ? አንተ እኮ ትናንት የመጣህ ልጅ ነህ። ይሄ የማን እንደሆነ የማያውቅ ማን አለ?»

እውነታቸውን ነው፤ ከሞላሌ እስከ ግሼ የማያውቅ አልነበረም። እኔም አልተከራከርሁም። በመጨረሻው ገጽ መሐል ለመሐል «ይህን የጻፈ ብሩክ ነው» ብዬ አሰፈርሁ። በስድሳ ስንት ገጽ ውስጥ ያለው የሰው ስም ያ የእኔው ብቻ ነው። የእሳቸውን ማመልከቻ ከሰነዱ ጋር ላክን። «አንተም አመልክት፤ ለሚቀጥለው ልምድ ይሆንሃል» ስላሉኝ የእኔንም በዚያው ፖስታ ጨመርሁ።

ደብዳቤዎቹ በአንድ ቀን መጡ። የእሳቸው፣ ሥራዎን የሚያሳይ ሰነድ ባለማቅረብዎ ለውድድር አልበቁም ይላል። የእኔ፣ ባዘጋጁት የላቀ ሰነድ ምክንያት በመሐንዲስነት ተመድበዋል ይላል። የኔታ የራሳቸውን ሁለት ጊዜ አነበቡ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ፤ የእኔን ሰጠኋቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አኖሯቸውና ሳቁ። ያን ጊዜ እንደሳቁት ስቀው አያውቁም። ሳቁ ሲያበቃ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ምንም አይደል» አሉ። «አለማወቅ ነው። ሄደህ ሁለት ቃል ትነግራቸዋለህ፤ ያስተካክሉታል።»

«እነግራቸዋለሁ የኔታ።»

ከልቤ ነበር፤ ይህን ብቻ እመኑኝ። ምደባው የሚጸድቅበት ዋናው ቢሮ አዲስ አበባ ነው፤ እዚያ እስክደርስ የምናገረውን እየደጋገምሁ ነው የሄድሁት። ሥራው የአቶ ሸዋንግዛው ነው፣ እኔ ጸሐፊ ነኝ። ዋናው ኃላፊ ከወንበሩ ተነስቶ ተቀበለኝ። ሰነዱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። «እንዲህ ያለ ሥራ ከገጠር ጣቢያ መጥቶ አያውቅም፤ ግሩም ነው!» አለና እጄን ጨበጠኝ።

«አመሰግናለሁ» አልሁ።

ካልሁት በኋላ ሌላውን ማምጣት አቃተኝ። ነገ እነግረዋለሁ አልሁ። በሳምንቱ ደብረ ብርሃን ጠረጴዛዬ ጋ ተቀምጬ ሳለሁ የኔታ ደወሉ። ስለ ባትሪው አወሩኝ፣ ውርጩ እንደጠነከረ ነገሩኝ፣ እናቴን ሳይቀር ጠየቁኝ። እኔ እሳቸው እስኪጠይቁኝ ጠበቅሁ፤ እሳቸው እኔ እስክነግራቸው ጠበቁ። በመጨረሻ «በል ደህና ሁን ተሜ» ብለው ዘጉት። ከዚያ በኋላ በደወሉ ቁጥር የሥራ ነገር ብቻ ነው። በእኔ ቦታ ረዳት አልተቀጠረም፤ ተራራውን ብቻቸውን ወጡት። ሰነዱ እየተባዛ ለአዳዲስ ሠራተኞች ይሰጣል፤ «የብሩክ ሰነድ» ይሉታል። አንድ ስም መጨመር የደቂቃ ሥራ ነበር። ዛሬ ነገ ስል ከረምሁ። የፈራሁት ማዕረጉን እንዳላጣ ነው፤ ሌላ ምክንያት ልሰጣችሁ አልችልም፣ የለኝም።

ለአርባው የሄድሁት ዋናውን ቅጂ ይዤ ነው። ስማቸውን አስገብቼ አዲስ ላትም ብዬ አስቤ ነበር፤ ውሸት በውሸት ላይ ሆነብኝና ተውሁት። ይልቅ ለእትዬ እልፍነሽ እውነቱን ነግሬ፣ የፈለጉትን ይበሉኝ ብዬ ቆረጥሁ። መንገዱን ሙሉ ቃሉን ደጋገምሁት።

የኔታ እንዴት እንደሞቱ የሰማሁት እዚያው ነው። መረቡ ከተዘጋ በኋላም ተራራውን መውጣት አልተውም። የሚያስተላልፉት አንድ መልእክት ሳይኖር በየሳምንቱ ወጥተው የባትሪውን ዝተት ያራግፉና ይመለሱ ነበር። «ለማን ነው የሚለፉት?» ይሏቸዋል እትዬ እልፍነሽ። «ሲከፈት ሞቶ ቢያገኙት የእኔ ጥፋት ነው» ይላሉ። አንድ ቀን በበረዶ ተመተው ገቡ፤ ሳምንት አስተኛቸውና ሄዱ። መረቡ እስከ ዛሬ አልተከፈተም። ባትሪውም ይሄኔ በርዶታል።

ሰዉ ሁሉ በልቶ ጠጥቶ ከተበተነ በኋላ እትዬ እልፍነሽ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ልጅ አልወለዱም፤ ቤቱ ውስጥ የቀረነው ሁለታችን ነበርን። ማንበብ አይችሉም፤ የወረቀቱን መልእክት ያጻፉት በጎረቤት ነው።

«መጽሐፉን አመጣኸው?»

«አምጥቻለሁ።»

ተነስተው እጃቸውን ታጥበው መጡና በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ጭናቸው ላይ አኑረው ሽፋኑን በመዳፋቸው ዳበሱት።

«እኔ ሞቼ እንኳ ሥራዬ ተጽፎ አዲስ አበባ ተቀምጧል ይሉኝ ነበር። ያን ካሉ በኋላ ጉልበታቸውንም አያማቸውም ነበር። እስቲ ልጄ፣ ስማቸው ያለበትን አሳየኝ።»

«እትዬ…» አልሁ።

«ወዬ ልጄ?»

ዓይናቸውን አየሁት። መጽሐፉን ወስጄ የመጨረሻውን ገጽ ገለጥሁ። ባዶው ወረቀት መሐል ያቺ አንዲት መስመር አለች። እትዬ እልፍነሽ ሌባ ጣታቸውን ከሥሯ አስቀመጡ።

«ይቺ ናት?»

መንገዱን ሙሉ የያዝሁት ቃል አፌ ላይ ነበር።

«አዎ» አልሁ።

ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ጎንበስ አሉና ስሜን ሳሙት።